ሁለት ዲሽ፣ አንድ ሰዓት፦ ባሕር ዳር ላይ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሶፍትዌር አሠራር

ጣና ዳር ሁለት ታንኳ ተራርቀው ታስረው ካያችሁ ነገሩ ግማሹ ገብቷችኋል። ማዕበሉ መጀመሪያ አንዷን ያወዛውዛል፣ ቆየት ብሎ ሌላዋን። መዘግየቱን በደንብ ከለካችሁ ማዕበሉ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። የቴሌስኮፕ ድርድርም (አብረው የሚሠሩ ብዙ ዲሾች) ሥራው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ኮድ ስትጽፉ ከሁሉም በፊት ለሰዓት ተጨነቁ።

ለመጀመር ጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ ይበቃል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 10 ሜትር አራርቃችሁ። የቲቪው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ ያለው መቀበያ) ለዚህ አይሆንም፤ የሃይድሮጅንን 1420.4 ሜጋኸርዝ በሚቀበል አንቴናና ማጉያ ተኩት። በየዲሹ አንድ አርቲኤል ኤስዲአር ሪሲቨር (ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ) ይገባል። ሁለቱ ግን በየራሳቸው ክሪስታል (ሰዓታቸውን በሚመታላቸው) እንዲሠሩ አትተዉ። ክሪስታሉ ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢሳሳት እንኳን 1420 ላይ 1.4 ኪሎኸርዝ ልዩነት ይሆናል፣ በሞገዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን (ፌዝ) በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል፣ አማካዩን ስታወጡ የቀረ ነገር የለም። የአንዱን ክሪስታል ለሁለቱም አጋሩ። እሱም ሆኖ ዩኤስቢው እኩል አያስጀምራቸውም፤ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ለሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጣ ኖይዝ (የሹሹታ ሲግናል) ስጡና ስንት ሳምፕል (ሪሲቨሩ የሚለካው እያንዳንዱ ነጥብ) እንደተዛነፉ ኮዱ ፈልጎ ያስተካክል። ይህቺን አትዝለሏት።

ኮሪሌተሩ፣ ማለትም የሁለቱን ዲሽ ሲግናል የሚያወዳድረው ኮድ፣ ራሱ አጭር ነው። በፓይተንና በነምፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) የሁለቱን ሳምፕል በ1024 በ1024 ቁረጡ፣ ፉሪየር ትራንስፎርም አድርጉ (ሲግናሉን በየፍሪኩዌንሲው የሚከፋፍል ስሌት ነው)፣ የአንዱን በሌላው ኮንጁጌት (የማዕዘኑ ምልክት በተገለበጠው) አባዙ፣ በየሴኮንዱ አማካዩን ብቻ ጻፉ። ጥሬውን ማስቀመጥ ዲስክ ይጨርሳል፤ በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ሳምፕል ማለት 4.8 ሜጋባይት ነው፣ ሁለቱ ሪሲቨሮች ሲደመሩ በአንድ ሰዓት 35 ጊጋባይት ገደማ። ዲሽ ስትጨምሩ ደግሞ ኮዱ የሚያወዳድራቸው የዲሽ ጥንዶች ይበዛሉ፦ 4 ዲሽ 6 ጥንድ ነው፣ የደቡብ አፍሪካው ሚርካት ቴሌስኮፕ በ64 ዲሽ 2,016 ጥንድ አለው። ፋይሉን በየደቂቃው እየዘጋችሁ አዲስ ክፈቱ፣ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው የአንድ ደቂቃ ሥራ ብቻ ይሆናል።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፣ ኮዱ ውስጥም እንደዛው 3 አስገባሁ። የግሪንዊች ሰዓት ግን ያኔ 6 ነው። ስንት ቀን ፀሐይን ባልነበረችበት ስፈልግ ከረምኩ! ፋይል ላይ ሁሌም ዩቲሲ (የግሪንዊች ሰዓት) ብቻ ጻፉ፣ ቀኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

መጀመሪያ የምትሞክሩት ፀሐይን ነው። ሚያዝያ አጋማሽ ገደማና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ቀትር ላይ ባሕር ዳርን በአናቷ ታልፋለች፤ ዲሾቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አዙሮ መተው ነው። የነሐሴ ደመና አያስፈራችሁ፣ የ21 ሳንቲ ሜትሩ የሃይድሮጅን ሞገድ ያልፈዋል። የኮሪሌተሩ ውጤት ግራፍ በየ5 ደቂቃ ገደማ ከፍ ዝቅ ካለ ያ ፀሐይ ናት። ዝም ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ግን የኖይዙን ምንጭ አጥፍታችሁት እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ የሁለቱን ዲሽ ኬብሎች አራርቁ።