«ጭሱ እኮ ወጥቷል»፦ ከሰል ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌሊት የሚመጡልንን ሰዎች ገና ከበር ሳያቸው ነገሩ ይገባኛል። እናት፣ ልጆች፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ጉልበት ይከዳቸዋል። «ማንደጃ ቤት ውስጥ ነበር?» እላለሁ። «አዎ ሲስተር፣ ግን ጭሱ እኮ ወጥቶ ነው ያስገባሁት።»

ይቺ መልስ አንጀቴን ታሳርረኛለች። ሰዎቹ ግዴለሽ ሆነው አይደለም፤ በሚያውቁት መንገድ ተጠንቅቀዋል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ አራግበው፣ ፍሙ እስኪቀላ ጠብቀው ነው ያስገቡት። ችግሩ የሚገድለው ነገር ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ አለመሆኑ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የቀላ ፍም ያወጣዋል፣ አመድ ያለበሳችሁትም ፍም ያወጣዋል። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ላይ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል ማለት ነው። የተኛ ሰው ደግሞ አይነቃም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ጭስ አለመኖሩን እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሩት።

የሚገርመኝ፣ እነዚሁ ሰዎች የጋዝ ሲሊንደር ቤታቸው እንዲገባ አይፈልጉም። «ይፈነዳል» ይላሉ። መፍራታቸው ልክ ነው፤ ግን ጋዝ ሲያፈስ ይሸታል፤ ሽታውን ሆን ብለው የሚጨምሩበት ለማስጠንቀቂያ ነው። ከሰል ላይ ማንም ምንም አልጨመረም። ከልጅነታችን ጀምሮ ቡና ያፈላንበት፣ የዋዜማ ዶሮ የሠራንበት ስለሆነ እንደ ቤተሰብ እናምነዋለን።

አንዴ አንዲት አራስ ከነሕፃኗ መጣች። እናቷ ናቸው ማንደጃውን ያስገቡት። ብርድ እንዳይመታቸው ብለው የበሩን ሥር በነጠላ ጠቅጥቀውታል፣ መስኮቱን ዘግተዋል። የአራሷ ወንድም አምሽቶ ገብቶ በሩን ባይከፍት ኖሮ ሦስቱም አይተርፉም ነበር። እማማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው «እኔ እንዲሞቃቸው ብዬ» እያሉ ሲያለቅሱ እጃቸውን ይዤ ከማልቀስ በቀር የምለው አልነበረኝም።

«ስንት ዓመት ስንጠቀም ምን ሆንን?» የሚለውም አለ። ይሄንን የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያደገው ጭቃ ቤት ነው። ጣራና ግድግዳው መሀል አየር ይገባል፣ በሩ በደንብ አይገጥምም። አሁን የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። መስኮቱ አሉሚኒየም፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ክፍሉ ጠባብ። ከሰሉ ያው ነው፣ ቤቱ ግን ተቀይሯል። የአያታችሁ ቤት አየር ያስገባ ስለነበር ነው እንጂ ከሰሉስ ያኔም ያው ከሰል ነበር።

ወተት መጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ማንደጃው ላይ ጨው መበተን፣ አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ፦ አንዱም ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስወጣም። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣትማ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል።

«ትንሽ ልጋደም፣ ይለቀኛል» ማለት ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። ራሳችሁን ካዞራችሁ ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ 939 አለ። ንጹሕ አየር ብቻ የሚተነፍስ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው መርዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በጭምብል ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሐኪም ቤት ሂዱ የምንላችሁ ለዚህ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ፦ ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ አትመኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተጣበቀበትን ደም ኦክስጅን እንደያዘ አድርጋ ትቆጥረዋለች። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን 98 አይቼ «ደህና ነሽ» ብዬ አንዲት ልጅ ሸኝቻለሁ። በማግስቱ ተሸክመው አመጧት። ተርፋለች፣ ግን እስከ ዛሬ ያቺ ቁጥር ከፊቴ አትጠፋም።

የእኛ የባለሙያዎቹ ስህተት ይሄ ብቻ አይደለም። ለዓመታት «በቂ አየር ባለበት ተጠቀሙ» ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት «በራችን እኮ ክፍተት አለው» አሉኝና ጣታቸውን አጠጋግተው የክፍተቱን ስፋት አሳዩኝ። የእርሳስ ውፍረት አይሞላም። ለካ «በቂ» ስል እኔ የማስበው ሌላ፣ እሳቸው የሚሰሙት ሌላ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ልኩን ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አየር ማውራት ትቻለሁ። ቡናም ወጥም ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሠራ እላለሁ። ሰው ሲወጣ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ዛሬ ማታ ማንደጃው የት ነው የሚያድረው?» «ደጅ» እስኪሉኝ ድረስ አልሸኛቸውም።