አትጫኑት! አልትራሶኒክና ስፓርክ ማሽን ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለችው ጠባብ ወርክሾፓችን አንድ ቃል በቀን አሥር ጊዜ እላለሁ፦ «አትጫነው!»

ልጆቹ የሚመጡት ከቶርኖ ነው። እዚያ ብረት እምቢ ሲል ጫን ይባላል። ያ እጅ አልትራሶኒክ ማሽን ላይ (ጫፉን እያንቀጠቀጠ እንደ ሴራሚክ ያለ ጠንካራ ነገር የሚበሳው ነው) ሲያርፍ ጉድ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሴራሚክ እየበሳ «ጋሼ፣ አልወርድ አለኝ» አለ። ዞር ብዬ ሳይ ጫፉን ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት እጥፍ አድርጎታል። አልወርድ ያለው እኮ ስለጫንከው ነው! የሚቆርጠው ጫፉ መሰለህ? ጫፉ ተራ ለስላሳ ብረት ነው። የሚቆርጠው በውሃ የተበጠበጠው የቦሮን ካርባይድ ብናኝ ነው። ጫፉ በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ያህል እየተንቀጠቀጠ ብናኙን ይመታዋል፣ ብናኙ ደግሞ ሴራሚኩን በጥቂት በጥቂቱ ይሸርፈዋል። ንቅናቄው ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ስትጫነው ይታፈናል። አዲስ ብናኝ መግቢያ ያጣል፣ የደነዘዘው እዚያው ይፈጫል። ከዚያ ወይ ዕቃው ይሰነጠቃል፣ ወይ እስከ ማታ እዚያው ትገተራለህ። ክብደቱን ቀነስንለት፣ መውረድ ጀመረ። ልጁ እኔ ተአምር የሠራሁ መሰለው።

ብናኙም ይደነዝዛል፤ ቀይሩት። አለመቀየሩ ስስት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ልክ ላይ ደግሞ፣ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ፈልጎ 10 ሚሊሜትር ጫፍ የሚያሠራ ሰው አይጠፋም። ቀዳዳው ከጫፉ ይሰፋል፤ በየጎኑ የአንድ ብናኝ ያህል አስቡለት። ስፓርክ ማሽን ላይም (ዘይት ውስጥ በተነከረ ብረት ላይ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራው ነው) መሣሪያው፣ ማለትም ኤሌክትሮዱ፣ ዕቃውን አይነካውም፤ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ከልኩ ይቀነሳል።

አንዳንዱ ደንበኛ ከሶማሌ ተራ የአሉሚኒየም ዕቃ ተሸክሞ መጥቶ በአልትራሶኒክ ብሱልኝ ይላል። ለስላሳ ነገር ምቱን ይውጠዋል። ትራፓኖ ምን አጠፋ? ሌላው መስታወት ይዞ ስፓርክ ማሽን ፊት ይቆማል። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ላይ ብልጭታ ከየት ይመጣል? ቴስተር ያስነኩት፣ ሁለት ሰከንድ ነው።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ስፓርክ ላይ ስጀምር ዘይቱን ዕቃውን ብቻ ሸፍኖ ተውኩትና ማሽኑን አስነስቼ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ብልጭታው ከዘይቱ የላይኛው ፊት አጠገብ ከሆነ የሚወጣው ጋዝ ሳይቀዘቅዝ ይወጣና ይቀጣጠላል። ስመለስ ገንዳው ላይ እሳት ነበር። አጠፋሁት፤ ቅንድቤ ግን ለመብቀል ጊዜ ወሰደበት። ዛሬ ዘይቱ ከዕቃው በላይ አምስት ሳንቲ ካልሆነ ማሽን አላስነሳም። ጥዬው መውጣትማ የማይታሰብ ነው።

ሽቦ ማሽን ላይ (ይሄኛው ስፓርክ ውሃ ውስጥ በቀጭን ሽቦ ብልጭታ የሚቆርጥ ነው) የምላችሁ ሁለት ነገር ነው። መብራት ሄደ ብላችሁ ካርባይድ ውሃው ውስጥ አሳድራችሁ ቤታችሁ አትግቡ፤ ካርባይዱን ያያያዘው ኮባልት የሚባለው ብረት በውሃው ይበላል፣ ጠርዙ ይረግፋል። ሁለተኛው፣ ከውስጥ የሚቆረጥ ብረት ከሆነ ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ብረቱን በእሳት ለማጠንከር ከመላካችሁ በፊት ብሱት። ከጠነከረ በኋላ ይዛችሁት ከመጣችሁ ቀዳዳውን ራሱ በስፓርክ ማውጣት ሊኖርብን ነው፣ ሒሳቡም ለብቻው ነው። «ይቺ ቀዳዳ ይሄን ያህል?» ብላችሁ ከእኔ ጋር አትጣሉ።