ባሕር ዳር ላይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ ካለዎት፦ ከክስ ማመልከቻ እስከ አፈጻጸም

ሙግት የአፍ ችሎታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በፍትሐ ብሔር ችሎት ግን አንደበት ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። ግማሹ ጉዳይ የሚያልቀው መዝገብ ቤት ነው፤ በወረቀትና በቀጠሮ። የቤት፣ የመሬት፣ የውርስ ወይም የትዳር ጉዳይ ካለዎት አካሄዱ እንዲህ ነው።

የት ነው የሚከሰሰው?

በአማራ ክልል ሦስት እርከን አለ፤ ወረዳ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ከፍተኛውም ጠቅላዩም ባሕር ዳር ስላሉ አንዱን ከሌላው እያምታታ የሚንከራተት ባለጉዳይ አይጠፋም። በገንዘብ አነስ ያለው ክስ ወረዳ ይጀምራል፤ ከፍ ያለው በቀጥታ ከፍተኛው ጋ ይቀርባል። ጣሪያው በአዋጅ ስለሚቀያየር መጀመሪያ ሬጅስትራሩን (የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ) ይጠይቁ። ፍቺና የንብረት ክፍፍል ብዙውን ጊዜ ከወረዳ ጀምሮ ነው በይግባኝ ወደ ላይ የሚወጣው።

ቤትና መሬት ሲሆን ክሱ የሚቀርበው ንብረቱ ባለበት ቦታ ነው። እርስዎ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ቢኖሩም፣ የሚከራከሩበት መሬት ፎገራ ያለ ባሕር ሸሽ (የጣና ውኃ ሲሸሽ የሚወጣ መሬት) ከሆነ ጉዳዩ የደቡብ ጎንደር ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለው ደብረ ታቦር ነው።

ክሱን መጻፍ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ራፖር ጸሐፊው (ማመልከቻ የሚጽፍልዎ ሰው) ጋ ሲቀመጡ ግን ከአያት ዘመን ቂም አይጀምሩ። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አደረገ፣ እርስዎስ ምን እንዲወሰንልዎ ይፈልጋሉ? በቃ። ለምሳሌ፦ «ተከሳሹ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አባይ ማዶ ያለውን አጥሬን አፍርሶ ሦስት ሜትር ወደ ይዞታዬ ገብቷል። ሁከቱ እንዲወገድልኝ፣ አጥሩን ወደ ቦታው እንዲመልስ፣ ወጪና ኪሳራ እንዲተካልኝ ይወሰንልኝ።» ያልጠየቁትን ዳኛ አይሰጥዎትም። ኪራይ የሚፈልጉ ከሆነ ኪራይ ብለው ይጻፉ።

ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ ምን እንደሚመሰክሩ፣ የሰነዶቹ ቅጂ፣ ሰነዱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነም የት እንደሚገኝ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በዝርዝሩ ያልገባ ማስረጃ በኋላ በቂ ምክንያት ካልቀረበ በቀር አይገባም። «ኋላ አመጣዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

በንብረት ጉዳይ ወረቀቱን አስቀድመው ይመርምሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተፈረመ የመንደር ውል ይዘው፣ ሻጩ ክዶ ከቀረበ፣ ጉዳዩ ይከብድብዎታል። የገጠር መሬት ሸጥሁ፣ ገዛሁ የሚል ወረቀት ከዚህም የባሰ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ይላል። የገጠር ይዞታ ከሆነ የመሬት ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። የባልና የሚስት ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር ላይ አንዱ ብቻውን ባለይዞታ ነኝ ቢል ፎቶው ራሱ ይመሰክርበታል።

ጊዜም ያልፋል። የሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታዬን ነካብኝ የሚለው) በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። «ሽማግሌ እየሞከረ ነው» ሲባል ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም።

ክፍያና እግድ

የዳኝነት ክፍያው በተከሰሰው ገንዘብ ልክ ይሰላል። ካሸነፉ ተሸናፊው እንዲተካልዎ መጠየቅ ይችላሉ። አቅም ከሌለዎት በነፃ ለመክሰስ ያመልክቱ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ።

ቤቱ ክርክሩ ሳያልቅ ሊሸጥ ይችላል ብለው ከሠጉ ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ በቃለ መሐላ ያቅርቡ። ትእዛዙ ከተሰጠ ደብዳቤው ለይዞታ አስተዳደሩ መድረሱን ተከታትለው ያረጋግጡ። እግዱ ደብዳቤ መላኪያ ላይ ተኝቶ ቤቱ ስም ሊዛወር ይችላል።

መጥሪያ

ክሱ መዝገብ ሲከፈትለት ለተከሳሽ መጥሪያ ይወጣል። ተከሳሹ ካልተገኘ በጋዜጣ ይጠራል፤ በኛ አካባቢ የበኩር ጋዜጣን የማስታወቂያ ገጽ የሚያነብ ሰው ይህን ያውቀዋል። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል። ውሳኔው መሰጠቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ በበቂ ምክንያት እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል።

ተከሳሽ ከሆኑ ደግሞ መልስዎን በጊዜው ያስገቡ። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም ወይም ክሱ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ታግዷል የሚል መቃወሚያ ካለዎት በመጀመሪያው መልስ ላይ ይጻፉት።

ችሎት

ችሎት አስከባሪው ስም ይጠራል። ሻይ ልጠጣ ብሎ የወጣ ከሳሽ ሲመለስ መዝገቡ ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል። ከበሩ አይራቁ፤ የእጅ ስልክዎን ያጥፉ።

ዳኛው በመጀመሪያ ቀን ክሱንና መልሱን አነጻጽሮ የተካካዳችሁበትን ነጥብ ይለያል። ጭብጥ ይባላል። ከዚህ በኋላ ምስክር የሚሰማው ስለ ጭብጡ ብቻ ነው። ምስክርዎ የአጥሩን ቦታ ያየ ሰው ይሁን። ስለ ጎረቤቱ መጥፎነት የሚያወራ አይረባዎትም። በየትኛውም ደረጃ ታርቃችሁ ብትመጡ ስምምነቱ በጽሑፍ ይመዘገባል፤ ከዚያም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። እኔ በወንድማማች መሬት ክርክር ውስጥ ይህን እመርጣለሁ። ወንድማማቾቹ ነገም እዚያው ነው የሚኖሩት።

የትዳር ጉዳይ

በክልሉ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፍቺ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት፣ አንዱ የግሌ ነው ብሎ ካላስረዳ በቀር፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስም ብቻ አያድንም፤ ቤቱ በባል ስም ቢሆንም ትዳር ውስጥ የተሠራ ከሆነ ግማሹ የሚስት ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስ የመጣ ንብረት ካለዎት የምስክር ወረቀቱን፣ የደረሰኙን ቅጂ አስቀድመው ይፈልጉ። የልጆች አሳዳጊነትና ቀለብም አብረው ይወሰናሉ፤ ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ሊታዩ ይችላሉ።

ይግባኝና አፈጻጸም

ካልተስማሙ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የውሳኔውን ግልባጭ ፍርዱ በተነበበ ዕለት ይጠይቁ። የበላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙ አያስቀርብም ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ሰበር ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ብቻ ነው። «ምስክሬን አላመነልኝም» እዚያ አይወስድም።

እርስዎ ሳይጠሩ በእርስዎ ንብረት ላይ በሁለት ሌሎች ሰዎች መካከል ከተፈረደ ይግባኝ ማለት አይገባዎትም። ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ያቅርቡ።

ያሸነፉ ሰው ፍርዱን ይዞ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም አይፈጽምለትም። የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ለዚህ 10 ዓመት ይሰጣል። ባለዕዳው ምን እንዳለው ዝርዝሩን እርስዎ ነዎት የሚያቀርቡት፤ የባንክ ሒሳብ፣ መኪና፣ ቤት። የሚለብሰውን፣ የሚተኛበትን አልጋና የሙያ መሣሪያውን መያዝ አይቻልም። ዕዳውን ካልከፈለ የተያዘው ንብረት በሐራጅ ይሸጣል።