ሽልማት ላይ ስልካችሁን ከመጻፋችሁ በፊት

ደብረ ሲና ቆሎ የምትሸጥ አክስት አለችኝ። ልጇ ፌስቡክ ላይ የቴሌቪዥን ሽልማት አየችና የተባለችውን አደረገች። ፔጁን ላይክ፣ ፖስቱን ሼር፣ ኮሜንት ላይ ሙሉ ስምና ስልክ። የራሷ ስልክ ስለሌላት ቁጥሩ የእናቷ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ደወለ። «እንኳን ደስ አለዎት እናቴ፣ ልጅዎ ቴሌቪዥን ደርሷታል» አለና የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጠራ። አክስቴ ያመነችው በዚህ ነው። ከዚያ «አሁን ስልክዎ ላይ አምስት ቁጥር ይገባል፣ ያንብቡልኝ» አላት። ለመንገደኛ ቆሎ እየሰፈረች አነበበችለት። የቴሌግራሟ መግቢያ ኮድ ነበር። ማታ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ልጄ ታማብኛለች፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልዕክት በእሷ ስም ደረሰ፤ ለእኔም ጭምር።

ፖስቱን ከፍቼ አየሁት። ሥሩ ስምና ስልክ ተደርድሯል፤ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ። ደዋዩ የፔጁ ባለቤት መሆን እንኳ አያስፈልገውም፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ኮሜንት ላይ ስልክ አትጻፉ፣ በቃ።

መጀመሪያ ፔጁን መርምሩ። «አባውት» ውስጥ «ፔጅ ትራንስፓረንሲ» የሚል አለ፤ መቼ እንደተከፈተና በፊት ምን ይባል እንደነበር ያሳያል። ትናንት የቀልድ ፔጅ የነበረ ዛሬ የባንክ ስም ከያዘ ውጡ። እጣ ለማውጣት ደግሞ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የፈቃዱን ቁጥር ጠይቁ።

ሽልማቱ እውነተኛ ቢሆንም ፎርሙን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። እናንተን ለማግኘት ስምና ስልክ ይበቃል። የልደት ቀን፣ የእናት ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የመታወቂያ ፎቶ ለምን? ከደረሳችሁ በአካል ሄዳችሁ ታሳያላችሁ። ብዙ ሰው የልደት ቀኑን የይለፍ ቃል እንደሚያደርግም አትርሱ።

«አምስት ጓደኛ ታግ አድርጉ» የሚለው እኔን ከሁሉም በላይ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የምትሰጡት የራሳችሁን ሳይሆን የሰው ነው። ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባል የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ የወሰደበት ጉዳይ በ2018 እ.ኤ.አ. ፈነዳ። መረጃው የተሰበሰበበትን የፌስቡክ የጥያቄ መተግበሪያ ከዚያ በፊት የጫኑት 270 ሺህ ገደማ ሰዎች ነበሩ፤ በጓደኞቻቸው በኩል ግን መረጃው የተወሰደበት ሰው እስከ 87 ሚሊዮን እንደሚደርስ ራሱ ፌስቡክ ተናገረ። ጓደኞቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

የቴሌግራም ቦት (በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ስልካችሁን በራሱ አያይም። «ቁጥርህን አጋራ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ አትጫኑ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ የሚለውን ማንም እንዳያይ («ኖባዲ») አድርጉት።

«በፌስቡክ ግቡ» ብሏችሁ የገባችሁበት ውድድር ካለ ሴቲንግ ውስጥ «አፕስ ኤንድ ዌብሳይትስ» የሚለውን ክፈቱና አስወግዱት። ይሄ የወደፊቱን ይዘጋል እንጂ የተወሰደውን አይመልስም፤ እሱን እንዲያጠፉ አዘጋጆቹን በጽሑፍ ጠይቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መብት ይሰጣችኋል፣ ስሙን ጠቅሳችሁ ጻፉ።

አክስቴ ጋ ሄጄ ቴሌግራሟ ላይ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገባን፣ የማናውቀውን ስልክ አስወጣን፣ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አበጀን። ከዚያ ከልጅቷ ጋር የፌስቡኳን «አክቲቪቲ ሎግ» ከፍተን ኮሜንቶቿን አንድ በአንድ አየን። የእናቷ ቁጥር አስራ አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ነበር። ሁሉንም አጠፋናቸው።