ፉል ቦርድ ወይስ ውጭ መብላት? የሐይቅ ዳር ዕረፍት የምግብ ሂሳብ

ሐይቅ ዳር ካሉት ሪዞርቶች ወደ አንዱ ደውሎ ክፍል የሚይዝ ሰው ቁርስ ብቻ ያለበትን፣ እራት የታከለበትን ሃፍ ቦርድ ወይም ሦስቱንም ማዕድ የያዘውን ፉል ቦርድ እንዲመርጥ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን ወዲያው ዋጋ ወደ ማወዳደር እንሄዳለን፤ መቅደም ያለበት ግን ከሪዞርቱ በር ውጭ ምን እንዳለ ማወቅ ነው።

ላንጋኖ ዳር ያሉት ማረፊያዎች ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ከከተማ ርቀው ስለተሠሩ፣ ለምሳ ብሎ መኪና አስነስቶ አርሲ ነገሌ ወይም ባቱ ደርሶ መመለስ ከዋና የሚቀማው ሰዓት ቀላል አይደለም። ከውጭ ምግብ ማስገባት የሚከለክሉም አሉ። ስለዚህ እዚያ ፉል ቦርድ ቢከፍሉ አይቆጭም። ሐዋሳ ላይ ግን ከቁርስ ያለፈ ነገር አስቀድሞ መግዛትን አልመክርም። በማለዳ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የወረደ ሰው ጀልባዎቹ ዳር ሲጠጉ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እዚያው ተገፎ ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አንጀቱ እስኪጣልላቸው ቆመው ሲጠብቁ ያያል፤ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጥቶ ጥብሱን በዳጣ ከበላ በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሆቴሉ ቁርስም ይረሳል። ቢሾፍቱ ከተማው ቅርብ ስለሆነ ሃፍ ቦርድ ይበቃል።

ቀጥሎ በእውነት የሚበሉትን ማዕድ ይቁጠሩ። ሁለት ሌሊት ፉል ቦርድ በአብዛኛው ሁለት ቁርስ፣ ሁለት ምሳና ሁለት እራት ነው፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ አርፍደው ተነሥተው መቂ ላይ ከበሉ አንዱ ምሳ ተከፍሎበት ይቀራል። ስለዚህ ጥቅሉ ከምሳ ይጀምር ወይም ከእራት አስቀድመው ይጠይቁ።

ጾም ይህን ቆጠራ ጨርሶ ይለውጠዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በሥራ ቀን ቁርሱን አይነካውም፣ ምሳውም ቡፌው ከተነሣ በኋላ ነው የሚደርስለት። እኔ ራሴ አንድ ዓርብ ቀን፣ ሳልጠይቅ ፉል ቦርድ በከፈልኩበት ሪዞርት፣ በረጅሙ ቡፌ ላይ ለጾመኛ ያገኘሁት ሩዝ፣ ሰላጣና ቀጠን ያለ ሽሮ ብቻ ነበር፤ ከጎኑ የተደረደረው ጥብስ ሁሉ ግን በእኔም ሂሳብ ውስጥ ነበረ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችን እንተወው።) በረመዳን የሚሄዱም ምሳው በሱሁር ይቀየርላቸው እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ዋጋውን ሲያወዳድሩ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሚዛን ያስቀምጡ። ሜኑ ላይ 1,000 ብር የተጻፈ ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲሰላ 1,265 ብር ይሆናል፤ የጥቅሉ ዋጋ ግን እነዚህን ያካተተ ሊሆን ስለሚችል ለይተው ይጠይቁ። ፉል ቦርድ መጠጥን የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፣ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ የሚጠጣው የታሸገ ውኃ ብቻውን ሂሳቡን ያከብደዋል። ልጆች እስከ ስንት ዓመት በነፃ ወይም በግማሽ ዋጋ እንደሚበሉም ይጠይቁ፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ጥቅሉን ርካሽ የሚያደርገው ይህ ነው።

ቀብድ ከማስገባትዎ በፊት ጥቅሉ ከየትኛው ማዕድ እንደሚጀምር፣ የጾም ምግብ መኖሩንና ውኃው የማን ሂሳብ እንደሆነ በአጭር መልእክት ጽፈው እንዲልኩልዎ ያድርጉ፤ በስልክ የሰጠዎትን ቃል ሂሳብ ሲዘጋ የሚያስታውሰው ሠራተኛ ያን ቀን ፈረቃው ላይሆን ይችላል።