በሌሊት የተራራ ብስክሌት ስትነዱ መብራቱ አልበቃ ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

«መብራቴ አልበቃኝም» ብሎ ብዙ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የተጻፈበትን መብራት ለመግዛት የሚነሳው ሰው ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ አዲሱን ይዤ ብወጣ፣ የድሮው ችግር እዚያው ኩርባ ላይ ጠበቀኝ። የጎደለኝ ብርሃን አልነበረም፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ነበር የተሳሳተው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጨለማው ውስጥ በትክክል ምን እንደሚያስቸግራችሁ ለዩ።

ኩርባ ላይ መንገዱ ይጠፋል

ቀጥ ያለው ላይ ሁሉም ደህና ነው። መታጠፊያ ስትደርሱ ግን መብራቱ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥቋጦ ያደምቃል፣ የምትሄዱበት መንገድ ግን ጨለማ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መሪው ላይ የታሰረ መብራት የሚያበራው መሪው የዞረበትን ብቻ ነው፣ ዓይን ግን ከመሪው ቀድሞ ነው የሚታጠፈው።

መፍትሔው ሄልሜት ላይ ሁለተኛ መብራት ማሰር ነው። መሪው ላይ ከ1000 እስከ 2000 ሉመን ያለው፣ ብርሃኑን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ የሚበትን መብራት ይሁን። ሄልሜቱ ላይ ደግሞ ከ600 እስከ 1000 ሉመን ያለውና ጨረሩ ጠበብ ያለ በቂ ነው። ሄልሜት ላይ ክብደት አንገት ያደክማል፤ ባትሪው በገመድ ወርዶ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ቢሆን ይመረጣል።

ድንጋዩም ጉድጓዱም አንድ ይመስላል

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም አደገኛው ችግር ይህ ነው። ብርሃኑ ደማቅ ነው፣ መሬቱ ግን እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ነው ጉድጓድ መሆኑን የምታውቁት።

ዓይን የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚለየው በጥላ ነው። ሄልሜት ላይ ያለው መብራት ለዓይን በጣም ስለሚቀርብ፣ እያንዳንዱ ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል። የመሪው መብራት ግን ከዓይን ዝቅ ስለሚል ጥላውን አስረዝሞ ያሳያል። ቆማችሁ ሞክሩት፦ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና መጀመሪያ የሄልሜቱን ብቻ፣ ቀጥሎ የመሪውን ብቻ አብሩ። በመጀመሪያው ድንጋዩ ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል፤ በሁለተኛው ከኋላው ጥቁር ጥላ ተዘርግቶ ቁመቱን ይነግራችኋል። ስለዚህ የሄልሜቱ መብራት ከመሪው ደብዘዝ ይበል። ለአንድ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ የመሪውን ግዙ።

ቅርቡ ያጥበረብራል፣ ሩቁ አይታይም

መብራቱ ወደ መሬት አዘቅዝቋል ማለት ነው። ጎማው ሥር ያለው ደማቅ ክብ የዓይን ብሌን እንዲጠብ ያደርጋል፤ ያኔ ሩቁ ይበልጥ ይጨልማል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በየሰከንዱ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ እንቅፋት አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስም አንድ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። የጨረሩን መሃል ከ15 እስከ 20 ሜትር ፊት ላይ አሳርፉት፤ ፈጣን ቁልቁለት ላይ ከዚያም ራቅ አድርጉት።

ሉመን መጨመር እዚህ ላይ የሚያግዘው ጥቂት ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጨረሩ ሳይለወጥ ሉመኑ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚደርስበት ርቀት የሚጨምረው 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ለአስፋልት ተብሎ የላይኛው ጨረሩ የተቆረጠ መብራትም ለተራራ አይሆንም፤ ፊት ላይ የሚመጣውን ቅርንጫፍ አያሳይም።

ጭጋግ ወይም አቧራ ውስጥ ነጭ ግድግዳ ይቆማል

የሄልሜቱን አጥፉት። ከዓይን አጠገብ የወጣ ብርሃን በጠብታዎቹና በብናኙ ነጥሮ ቀጥታ ወደ ዓይን ይመለሳል። የመሪውንም ቀነስ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

ከደቂቃዎች በኋላ ይደበዝዛል፣ ወይም ካሰባችሁት ቀድሞ ይጠፋል

ዳገት ላይ ወይም ቆማችሁ ከደበዘዘ ሙቀት ነው። ኃይለኛ መብራት የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ብርሃኑን ይቀንሳል። ዳገት ላይ በዝቅተኛው ውጡ፤ ባትሪም ትቆጥባላችሁ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ደግሞ በጥንቃቄ አንብቡ። ኤፍኤል1 በሚባለው የእጅ መብራቶች መለኪያ ደንብ የሚጻፈው ሰዓት ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ሁሉ ይቆጥራል፤ በዚያ ብርሃን ቁልቁለት አይወረድም። ራሳችሁ አስሉ፦ 3.6 ቮልትና 3400 ሚሊአምፔር ሰዓት ያላቸው ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች በድምሩ 24 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። 20 ዋት የሚበላ መብራት ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያልፍም። ብርድ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል።

መብራቱ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል

የሚወርድ ከሆነ የማሰሪያው ላስቲክ ላልቷል፤ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ይሻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የገመዱን መጋጠሚያ ፈትሹ፣ አጽዱት፣ ገመዱንም እንዳይወዛወዝ ከብስክሌቱ ጋር እሰሩት። ሁለቱን መብራቶች ግን ከአንድ ባትሪ አታገናኙ፤ አንዱ ሲጠፋ ብስክሌቱን እየገፋችሁ የምትወርዱት በሌላው ነው።