የሐበሻ ቤት አስቤዛ በአልዲና በሊድል

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ቤተሰብ ርካሽ ሱፐርማርኬት ሲባል ቀድመው የሚጠሩት አልዲና ሊድል ናቸው። የሁለቱም መሠረት ጀርመን ነው። አልዲ አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን ሊድል በ2017 ጀመረ፤ የሊድል የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ አርሊንግተን ነው። አልዲ ገብቶም ቢሆን ብዙ ገንዘብ አፍስሶ መውጣት ይቻላል። ከእነሱ የሚያዋጣውን ከእነሱ፣ ከሐበሻ ሱቅ የሚያዋጣውን ከሐበሻ ሱቅ መግዛት፣ የተገዛውንም ሳይበላሽ መጨረስ ነው በወር መጨረሻ ልዩነቱን የሚያመጣው።

ዋጋው ለምን እንደረከሰ ማወቅ ለሸመታ ይረዳል። የተለመደ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ከ30,000 በላይ ዓይነት ዕቃ ይይዛል፤ አልዲ የሚይዘው ከ2,000 ያነሰ ነው። አሥር ዓይነት ኬቻፕ የለም፤ ያለው አንድ ወይም ሁለት ነው። አብዛኛው ዕቃ የመደብሩ የራሱ ምርት ስለሆነ የታዋቂ ስም ዋጋ አልተጨመረበትም። ዕቃው በመጣበት ካርቶን እንዳለ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከረጢት ውስጥ የሚከተውም ገዢው ራሱ ነው። አልዲ ጋሪው በ25 ሳንቲም ስለሚከፈት ሳንቲሙን የሚፈልግ ሁሉ ጋሪውን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ለዚህ ሠራተኛ አይቀጠርም። እንግዲህ የረከሰው በእነዚህ ምክንያቶች ነውና የራሱን ምርት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ወተትና እንቁላል ያለ ሥጋት ውሰዱ።

ከመሄድ በፊት የዋጋ ደብተር ያስፈልጋል። ቤታችሁ ዘወትር የሚጨርሳቸውን 20 ያህል ነገሮች ጻፉ፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ የልጆች ሲሪያል፣ ዳይፐር እያላችሁ። ከየስሙ ጎን የምታስገቡት የፓውንዱን ወይም የአውንሱን ዋጋ ነው። ጥቅሎች መጠናቸው ስለሚለያይ የጥቅሉ ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 1 ፓውንድ 16 አውንስ ወይም 454 ግራም ነው። ለምሳሌ 18 አውንስ አጃ 2.70 ዶላር ቢሆን አውንሱ 15 ሳንቲም ይመጣል፤ 42 አውንሱ 4.20 ቢሆን ግን 10 ሳንቲም። ይህንን ስሌት የመደርደሪያው የዋጋ መለያ ጥግ ላይ በትንሹ ጽፎት ታገኛላችሁ፤ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ እሱን አንብቡ። አንዱ በአውንስ፣ ሌላው በፓውንድ ከተጻፈ ወደ አንድ መለኪያ ሳትቀይሩ አታወዳድሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስትወጡ ኳርተር፣ ከረጢቶችና የተጻፈ ዝርዝር ያዙ። አልዲ ፌስታል አይሰጥም። ዲሲ ከ2010 ጀምሮ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፌስታል 5 ሳንቲም ያስከፍላሉ። ሊድል የምትሄዱ ከሆነ የስልክ መተግበሪያውን ቤት ሆናችሁ ክፈቱና የምትፈልጉትን ኩፖን አንድ በአንድ ተጫኑ። ኩፖኑን ሳይመርጡ ካሸሩ ጋ ደርሶ ስልክ ማሳየት ቅናሹን አያመጣም። አልዲ በበኩሉ ከጋዜጣና ከአምራቾች የሚመጣ ኩፖን አይቀበልም። ሁለቱም ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ይቀበላሉ፤ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው ዊክ ግን እንደየቅርንጫፉ ስለሚለያይ ጋሪ ሳትሞሉ ጠይቁ። ቤት ድረስ በሚያመጣው መተግበሪያ፣ በኢንስታካርት፣ የሚታዘዘው ዕቃ ከመደብሩ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ማድረሻና ጉርሻም ይጨመርበታል፤ ለቁጠባ ብላችሁ ከሆነ በአካል ሂዱ።

መሐል ላይ ያለው መደርደሪያ፣ ድስቱ፣ የአትክልት ወንበሩ፣ የልጆች ጫማው የተደረደረበት፣ የብዙ ቤተሰብን ቁጠባ የሚበላው እሱ ነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ዝርዝራችሁ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ምግቡን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ እለፉበት።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ፤ ከሽንኩርት እንጀምር። የሐበሻ ቤት ከማንም በላይ ሽንኩርት ይፈጃል፤ ስለዚህ ትልቁን መረብ ማንሳት ያጓጓል። ባለ 3 ፓውንዱ 2.97፣ ባለ 10 ፓውንዱ 7.50 ነው እንበል። ፓውንዱ 99 እና 75 ሳንቲም ይመጣል። ከትልቁ ሲሶው ከበሰበሰ ግን የተረፈው 6.7 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ፓውንዱ 1.12 ዶላር ገባ ማለት ነው፣ ከትንሹ በላይ። መረቡን ገልብጣችሁ ከሥር እዩት፣ አሽትቱት። አንዱ ከረጠበ ወይም አንገቱ አካባቢ ከላላ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ከመረቡ አውጡትና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ፣ ከድንች አርቃችሁ አስቀምጡ። አንድ ላይ ከተቀመጡ ቶሎ ይበላሻሉ።

ከሁሉ የሚሻለው 10 ፓውንዱን በአንድ ቀን ቁሌት ማድረግ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቁት፣ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ውሃው እስኪመጥና ቀለሙ እስኪጠቁር አማስሉት፣ ከዚያ ዘይት ጨምሩበት። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ድስት ወጥ የሚበቃውን እየለካችሁ በፍሪዘር ከረጢት ውስጥ ዘርጉትና ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጠፍጣፋው ቦታ አይዝም፣ ቶሎም ይቀልጣል። በሥራ ቀን ማታ ቁሌት ያለው ቤት ምግብ ከውጭ የሚያዝበት ምክንያት አይኖረውም።

ዶሮ። ሙሉው ዶሮ ብዙውን ጊዜ ከተቆራረጠው በፓውንድ ይረክሳል፤ 12 ብልት ማውጣት ለሚችል ደግሞ ምንም አይባክንም፤ ቀሪው አጥንት ለልጆች ሾርባ ይሆናል። መለያውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ዶሮ የጨው ውሃ ተጨምሮበታል፣ ስንት በመቶ እንደሆነም በትንንሹ ተጽፏል። 5 ፓውንድ ዶሮ ላይ 10 በመቶ ማለት ግማሽ ፓውንድ ውሃ በዶሮ ዋጋ መግዛት ነው፤ ወጡም ይቀጥናል፣ ጨውም ይበዛበታል። ሌላው ልብ የሚባለው፣ የአሜሪካ ዶሮ በጥቂት ሳምንት የደረሰ ለጋ ነው፤ እንደ አገር ቤቱ ብዙ ሰዓት ድስት ላይ ከቆየ ይፈራርሳል። ቁሌቱና በርበሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ ዶሮውን መጨረሻ ላይ ጨምሩት፤ ከዚያ ወዲህ ከ40 ደቂቃ ብዙም አያልፍ። በክርስቲያን ወይም በሙስሊም ባራኪ የታረደ ሥጋ ብቻ የሚበላ ቤት ሥጋውን ከሐበሻ ወይም ከሐላል ሥጋ ቤት ይግዛ፤ ከአስቤዛው ሌላ ክፍል ላይ በሚተርፈው ይካካሳል። ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ክትፎ አይሠራም። የተፈጨ ሥጋ የብዙ ከብት ድብልቅ ሊሆን ስለሚችል 160 ዲግሪ ፋራናይት እስኪደርስ መብሰል አለበት።

ለቅቤ ጨው የሌለበትን፣ አንሶልትድ የሚለውን፣ ምረጡ። ጨው ያለበት ሲነጠር ጨዉ ከአተላው ጋር ሥር ይቀራል፣ ሳይጠለል ከገባም ወጡን ያበላሻል። የአሜሪካ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ ነው፤ ስለዚህ 4 ፓውንድ አንጥራችሁ 3 ፓውንድ ያህል ብታገኙ ትክክል ነው። ፍሪዘር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ የታንክስጊቪንግና የገና ቅናሽ ሲመጣ ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል።

አሁን ከእነዚህ መደብሮች የማይገዛውን እንይ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ የሐበሻ ሱቅ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ቅመም በትንንሽ ጠርሙስ መግዛት ግን ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚከስርበት ነገር ነው። እርድ፣ አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ በሕንድ ሱቅ በትልቅ ከረጢት በእጅጉ ይረክሳል። ድፍን ምስር አልዲ ይገኛል፤ ቀዩ ክክ ምስር ማሱር ዳል እየተባለ በሕንድ ሱቅ ይሻላል። እዚያ ስትገቡ ለአተር ክክ ብላችሁ ቻና ዳል እንዳታነሡ፤ ቢጫነቱ ያሳስታል እንጂ እሱ የሽምብራ ክክ ነው፣ ለመብሰልም ይቆያል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ በብዛት ከሆነ የእስያና የላቲን ገበያዎችን ዋጋ ደብተራችሁ ላይ አስገቡ።

በጾም ወቅት ዳቦ፣ ብስኩትና ማርጋሪን ስትገዙ የይዘቱን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ወተት ያለበት ምግብ በአሜሪካ ሕግ ይህንኑ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ በዝርዝሩ ውስጥ ወይም ኮንቴይንስ የሚለው መስመር ላይ ሚልክ ካለ ተዉት። ዌይና ኬዚን የሚባሉትም ከወተት ናቸው። ሁለት ዳቦ ጎን ለጎን ተመሳስለው አንዱ ብቻ የጾም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከሕፃናት የዱቄት ወተት በቀር የፌዴራሉ ሕግ በምግብ ላይ ቀን እንዲጻፍ አያስገድድም። ቤስት ባይ የሚለው አምራቹ ጥራቱ እስከዚህ ይዘልቃል ያለበት ነው። ቀኑ ያለፈ የፓስታ ወይም የምስር ጥቅል ደኅና ከሆነ አይጣልም። ቀኑ የደረሰ ዶሮ በቅናሽ ካገኛችሁ ግን የዚያኑ ዕለት አብስሉት ወይም ፍሪዘር አስገቡት። ጥሬ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን፣ የተሠራ ወጥ ከ4 ቀን በላይ አይቆይ፤ ፍሪጁም ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች ይሁን።

ካሸሩ በፍጥነት ስለሚያሳልፍ ከባዱን ዕቃ ፊት፣ እንቁላልና ቲማቲሙን ኋላ ደርድሩ። እንቁላሉን ካርቶኑን ከፍታችሁ ፍሬ በፍሬ ሳትነኩ አትክፈሉ። ደረሰኙን ከመደብሩ ሳትወጡ አንብቡ፤ ሁለት ጊዜ የተመታ ወይም ቅናሹ ያልተያዘለት ዕቃ የሚስተካከለው ያኔ ነው። አልዲ የራሱን የምግብ ምርት ካልወደዳችሁት ገንዘቡን መልሶ ሌላም ይተካል፤ ማሸጊያውንና ደረሰኙን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጎመን ሲረክስ ሦስት አራት እስር ግዙ፣ አጥባችሁ ክተፉት፣ በፈላ ውሃ 3 ደቂቃ አቆይታችሁ በረዶ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ጨምቃችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ፍሪጁ በር ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፉና የምትጥሉትን ሁሉ ከነዋጋው ጻፉበት፦ ግማሽ እስር ቆስጣ፣ 3 ሙዝ፣ የሻገተ ዳቦ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ የተጻፈውን ነገር በሦስተኛው ሳምንት ዝርዝር ላይ በግማሽ ቀንሱት።